የፀሐይ ማዕበል የዋልታ አገሮች ጉዳይ ብቻ አይደለም

ግንቦት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 2024) ከሃያ ዓመታት ወዲህ ታይቶ የማይታወቅ ብርቱ ማግኔታዊ ማዕበል ምድራችንን መታት። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ብዙ ሰው ከቤቱ ወጥቶ በቀይና በአረንጓዴ ብርሃን የደመቀውን ሰማይ ሲመለከት አመሸ። በእኛ ሰማይ ላይ ግን በዓይን የሚታይ አንዳች ነገር አልነበረም። «ይህ የእነሱ ጣጣ ነው፤ እኛን አይመለከተንም» የሚለው አስተያየት የመነጨው ከዚህ ይመስላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አስተያየት መቃወም ነው።

ነገሩን ከምንጩ መጀመር ይሻላል። ፀሐይን «የእሳት ኳስ» ማለት ለምደናል። ይሁን እንጂ ፀሐይ እንደ ድንጋይ ከሰል የምትነድ ብትሆን ኖሮ በጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ አመድ በሆነች ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሎርድ ኬልቪን ፀሐይ በራሷ ስበት እየተኮማተረች ሙቀት ታመነጫለች ብሎ ቢያሰላም፣ ያገኘው ዕድሜ ከጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት የሚበልጥ አልነበረም፤ የሥነ ምድር ሊቃውንት ደግሞ ከዚያ እጅግ የረዘመ ጊዜ ይሹ ነበር። እንቆቅልሹ መፈታት የጀመረው አርተር ኤዲንግተን እ.ኤ.አ. በ1920 የሃይድሮጅንን ወደ ሂሊየም መለወጥ በጠቆመ ጊዜ ነው። ሲሲሊያ ፔይን በ1925 ፀሐይ በአብዛኛው ሃይድሮጅን መሆኗን አሳየች፤ ሃንስ ቤተ በ1939 የኑክሌር ውህደቱን ሂደት ዘርዝሮ አቀረበ።

በፀሐይ እምብርት ሙቀቱ 15 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ነው። አራት ፕሮቶኖች ደረጃ በደረጃ ተዋሕደው አንድ የሂሊየም ኒውክለስ ሲሆኑ ከክብደታቸው 0.7 በመቶ ያህሉ ይጎድላል፤ የጎደለውም በአንስታይን ቀመር መሠረት ኃይል ሆኖ ይወጣል። በዚህ አኳኋን በየሰከንዱ 600 ሚሊዮን ቶን ያህል ሃይድሮጅን ሲለወጥ 4 ሚሊዮን ቶን ያህሉ ኃይል ይሆናል። ብዙ ተማሪ ሲሰማው የማያምነው ነገር ቢኖር፣ ከዚህ እምብርት አንድ ሜትር ኩብ የሚመነጨው ኃይል 300 ዋት እንኳ የማይሞላ መሆኑ ነው። መጠን ለመጠን ሲነጻጸር የሰው አካል የበለጠ ሙቀት ያመነጫል! የፀሐይ ብርታት በግዙፍነቷ እንጂ በፍጥነቷ አይደለም። አንድ ፕሮቶን ለመዋሐድ በአማካይ ቢሊዮን ዓመታት ይጠብቃል፤ ፀሐይም 4.6 ቢሊዮን ዓመት የቆየችው ስለዚህ ነው።

እምብርቷ እንዲህ ዝግተኛ ቢሆንም ውጪያዊ ክፍሏ እንደ ሽሮ ወጥ ይንተከተካል። ከዚህ መንተክተክና ከፀሐይ መሽከርከር ማግኔታዊ መስክ ይወለዳል፤ ጥቁር ነቁጦች በ11 ዓመት ዑደት ይበዛሉ፣ ያንሳሉ። መስኩ ሲጠማዘዝና ሲበጠስ የሚወረወረው ኤክስሬይ በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ፣ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው ጋዝ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ምድር ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በማርች 1989 በካናዳ ኩቤክ ግዛት ስድስት ሚሊዮን ሰዎችን ለዘጠኝ ሰዓታት ያለ መብራት ያስቀረው እንዲህ ያለ ማዕበል ነበር። (የምድርን መሞቅ በዚሁ ዑደት ለማመካኘት የሚሞክሩ አሉ። ዑደቱ የፀሐይን ጠቅላላ ኃይል የሚለውጠው በ0.1 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ያለፉት አርባ ዓመታት ሙቀት ሲጨምርም የፀሐይ ኃይል አልጨመረም።)

ወደ ራሳችን ሰማይ እንመለስ። የምድር ማግኔታዊ ወገብ፣ ማለትም መስኩ ከምድር ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ የሚጋደምበት መስመር፣ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር ላይ ቀን ቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው አዮኖስፌር ውስጥ ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ አዮኖስፌሩ ሽቅብ ይገፋና ውስጡ እንደ አረፋ ባሉ ባዶ ቦታዎች ይበሳሳል። በእነዚህ መካከል የሚያልፍ የሳተላይት ምልክት ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴም ይቋረጣል። ይህ የሚብሰው ነቁጦች በሚበዙባቸው ዓመታት፣ በተለይም በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ሲሆን፣ ለመከሰት የግድ ማዕበል አያስፈልገውም። መሬት የሚለካ ባለሙያም ሆነ አውሮፕላን የሚያበርር ሰው በሳተላይት ቦታውን በሚያውቅበት ዘመን ይህ የሩቅ አገር ወሬ ሊሆን አይችልም።

አዲስ አበባ ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት (እ.ኤ.አ. 1957–58) ጋር ተያይዞ የማግኔት መለኪያ ጣቢያ ማግኘቷ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የውጭ ሊቃውንት ዋጋውን የተረዱት ከእኛ ቀድመው ነው። በእኔ እምነት በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የዋልታ ብርሃንን ሥዕል ከማሳየት አስቀድሞ ይህን ማስተማር ይገባል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያሻም። ያልተመገነጠ የስፌት መርፌ ወገቡ ላይ በቀጭን ክር ታስሮ ሚዛኑን እስኪጠብቅ ይስተካከል፤ ከዚያም ክሩ ሳይነቃነቅ በማግኔት ይታሽ። አዲስ አበባ ላይ መርፌው ወደ ሰሜን ዞሮ እንደ ተጋደመ ይቀራል። ይኸው መርፌ ለንደን ላይ ቢሆን ግን የሰሜን ጫፉ ወደ መሬት 66 ዲግሪ ያህል ያዘቀዝቃል።