ሕጉና የሮቢ ውኃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዐሠርቱ ትእዛዛትን በቃላችሁ አጥንታችኋል። ባለፈው ሰንበት ግን ከመካከላችሁ አንዱ፣ «መምህር፣ ትእዛዛቱ አብዛኞቹ ‹አታድርግ› የሚሉ ናቸው። እግዚአብሔር ለምን ይከለክለናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ትልልቅ ሰዎችም እንዲህ ያስባሉ። እኔ ግን ትእዛዝ የኑሮ መሪ ነው እላለሁ። ለምን እንደምል በምናውቀው ነገር ላስረዳችሁ።

ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ላይ ስለምትገኝ ፀሐይዋ ብርቱ ነው። በበጋ የተተከለ ሽንኩርት ውኃ ካጣ ፈጥኖ ይጠወልጋል። ስለዚህ ገበሬዎቻችን ከደጋው የሚወርደውን የሮቢ ወንዝ በቦይ ጠልፈው በተራ ያጠጣሉ። ተራውን የሚያስጠብቁት የውኃ አባት ናቸው።

የ10 ዓመት ልጅ ሳለሁ የእኛ ሽንኩርት ጠወለገ። ተራችን ሊደርስ ገና 3 ቀን ይቀረው ነበር። በሌሊት ተነሥቼ ወደ ጎረቤታችን ማሳ የሚሄደውን ቦይ ሰበርሁና ውኃውን ወደ እኛ መለስሁት። «ውኃ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ይህ ሌብነት አይባልም» ብዬ ራሴን አታለልሁ።

ጎረቤታችን ባላቸው የሞተባቸው እናት ነበሩ። ሲነጋ ማሳቸውን ደረቅ አገኙት። የውኃ አባት ሲጠይቁኝ «እኔ አላየሁም» አልሁ። ጥርጣሬው ከታች በሚያርሱት ሙስሊም ጎረቤታችን ልጅ ላይ ወደቀ። ልጁ እያለቀሰ «በአላህ አልነካሁም» ሲል ሰማሁት። የዚያን ዕለት እህል አልበላ አለኝ።

ማታ ለአባቴ ነገርሁት። አባቴ አልመታኝም፤ እጄን ይዞ ወደ ሁለቱም ቤት ወሰደኝና ይቅርታ አስጠየቀኝ። የእኛን ተራም ለእኒያ እናት ሰጠ። በዚያ ዓመት ከሽንኩርታችን ብዙው ደረቀ፤ እኔ ግን ሌሊት በሰላም ተኛሁ።

አሁን ልጆች፣ ቁጠሩልኝ። የሰው ተራ ተመኘሁ፤ ሰረቅሁ፤ በሐሰት ተናገርሁ፤ ወላጆቼን አሳፈርሁ፤ ባልንጀራዬን በደልሁ። አንዱን ትእዛዝ ስሰብር ሌሎቹም ተከተሉ። ባልንጀራ ማለትም በእምነት የሚመስለን ብቻ አይደለም። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ስለ ደጉ ሳምራዊ ያስተማረው ይህንኑ ነው።

ሁሉም እንደ እኔ ሌሊት ሌሊት ቦይ ቢሰብር ኖሮ ከታች ላሉት ውኃ አይደርስም ነበር። ጎረቤትም ከጎረቤት ይጣላ ነበር። እንግዲህ «አትስረቅ» የሚለው ቃል ማንን ጠቀመ? የእኒያን እናት ማሳ ይጠብቃል፤ የእኔንም ተራ ይጠብቃል።

ወደ አዲስ አበባ ሽቅብ ስንጓዝ ደብረ ሲና የምትባል ከተማ አለች። ስሟ ሙሴ ጽላቱን ከተቀበለበት ተራራ ስም ጋር አንድ ነው። ተራራውን ባየን ቁጥር ይህን እናስታውስ፦ ውኃው ከላይ የሚወርደው ማሳችን እንዲለመልም ነው፤ ሕጉም ከላይ የተሰጠን በሕይወት እንድንኖር ነው። ነቢዩ ዳዊትም በመዝሙር 118 የእግዚአብሔርን ቃል በመብራት መስሎታል። መብራት የሚያስፈልገው ደግሞ በጨለማ፣ ሰው በማያየን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ትእዛዛቱን ቤተ ክርስቲያን ትታችሁ አትውጡ። ፈተና ላይ ከጓደኛችሁ ወረቀት መኮረጅ ሲያምራችሁ፣ ገበያ ተልካችሁ መልሱን ስታጎድሉ፣ ያላጠፋ ልጅ በእናንተ ጥፋት ሲቆጡት ስታዩ አስታውሷቸው።

የቤት ሥራ፦ በዚህ ሳምንት አንድ ትእዛዝ የት ቦታ እንደ መራችሁ ለወላጆቻችሁ ተናገሩ።

የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።