የቆየ ቀይ ወይን ጠጅ፤ ለገበታ ወይስ ለጥሪት?

በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በሳር ቤት፣ በመካኒሳና በለቡ በኩል፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ቀይ ወይን ጠጅ በመደርደሪያቸው ላይ የሚያኖሩ መደብሮችና ሆቴሎች አሉ። በብዙ ቤትም ከሠርግ፣ ከምረቃ ወይም ከመንገደኛ ስጦታ የተረፈ ጠርሙስ በቁም ሣጥን አናት ላይ ዓመታት ያስቆጥራል። የነዚህ ጠርሙሶች ባለቤቶች ብዙውን ጊዜ አንድ እምነት አላቸው፤ ይኸውም ወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር ጣዕሙ ይሻላል፣ ዋጋውም ይጨምራል የሚል ነው። ይህ እምነት በጥቂቱ እውነት፣ በአብዛኛው ግን ስሕተት ስለ ሆነ፣ ገንዘቡን በጠርሙስ ውስጥ ለማኖር የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ሊመረምረው ይገባል።

በመሠረቱ በዓለም ላይ ከሚመረተው ወይን ጠጅ አብዛኛው በተሠራ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተዘጋጀ ነው። ለብዙ ዘመን የሚቆየው ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ የሚገኘው፣ አፍ የሚይዘው ታኒን የሚባለው ነገር የበዛበት፣ በቂ ኮምጣጣነትና የፍሬ ኃይልም ያለው ወይን ብቻ ነው። በእንዲህ ያለው ወይን ውስጥ ታኒኑ ከዓመት ወደ ዓመት እየተያያዘ በጠርሙሱ ግርጌ አተላ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ጣዕሙም እየለዘበ ይሄዳል። እነዚህ ነገሮች የሌሉት ወይን ግን ዕድሜ ሲጨመርለት ይደክማል እንጂ አይሻሻልም። ለጋ ጠጅና የከረረ ጠጅ እያንዳንዱ የራሱ ጊዜ እንዳለው የአገሩ ጠጪ ያውቃል፤ የወይን ጠጅም ሕግ ከዚህ የራቀ አይደለም።

በዚሁ ክፍለ ከተማ፣ በመካኒሳ፣ ፋብሪካ ያለው አዋሽ ወይን ጠጅ እ.ኤ.አ. በ2013 ከመንግሥት እጅ ወደ ግል ባለሀብቶች የተዛወረ ነባር ድርጅት ነው። ጉደርና አክሱሚት የተባሉት ምርቶቹ ስማቸውን ያተረፉት ዛሬ ተገዝተው ዛሬ በመጠጣት ነው፤ ይህም ነውር ሳይሆን ሙያ ነው። በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ የተተከለው የካስቴል የወይን እርሻም እ.ኤ.አ. በ2014 የመጀመሪያውን ምርት ለገበያ ሲያቀርብ ሜርሎ፣ ሲራና ካበርኔ ሶቪኞን የተባሉትን የወይን ዘሮች ይዞ ነበር። እነዚህ ዘሮች በፈረንሳይ አገር ዘመን የሚሻገር ወይን ይወጣባቸዋል፤ ይሁን እንጂ ዘሩ ብቻውን ለረጅም ዕድሜ ዋስ አይሆንም።

እንግዲህ የቆየ ጠርሙስ የቀረበለት ገዢ ከመክፈሉ በፊት ሊያያቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ። አንደኛው የወይኑ ከፍታ ነው፤ ወይኑ እስከ ጠርሙሱ አንገት ከደረሰ መልካም ሲሆን፣ ወደ ትከሻው መካከል ከወረደ ግን አየር መግባቱን ያመለክታል። ሁለተኛው ቡሹ ነው፤ ወደ ላይ ከተገፋ ወይም ወይን ካንጠባጠበ ጠርሙሱ ሙቀት አግኝቶታል ማለት ነው። ሦስተኛው ቀለሙ ነው፤ በብርሃን ፊት ሲታይ የሸክላ መልክ ቢኖረው የዕድሜ ወግ ነው፤ ፈጽሞ ቡናማ ከሆነ ግን ጊዜው አልፏል። አራተኛው በወረቀቱ ላይ የተጻፈው የመከር ዓመት ነው። ይህ ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ 2005 የሚል የፈረንሳይ ወይን የተለቀመው በመስከረም 1998 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ይህን የዘነጋ ገዢ ወይኑን በሰባት ዓመት ያሳንሰዋል። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ እንደ እርጥብ ካርቶን የሚሻግት ወይም አቼቶ የሚሸት ወይን፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢገን፣ የሚጠጣ አይደለም። አተላው ግን ጉድለት ስላልሆነ ጠርሙሱን ከዋዜማው ጀምሮ አቁሞ በዝግታ መቅዳት ይበቃል።

ስለ አቀማመጥም ሊታሰብ ይገባል። ለወይን ጠጅ የሚስማማው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ የማይለዋወጥ ቅዝቃዜ ነው። የአዲስ አበባ አየር በአማካይ ከዚህ እጅግ ባይርቅም፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በመደብር መስኮት ፀሐይ ላይ የቆመ ጠርሙስ ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በበጋው ድርቀትም ቡሹ ይኮማተራል። ስለዚህ ምድር ቤት ወይም ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው ጨለማ ክፍል ተመርጦ፣ ጠርሙሱ በጎኑ መተኛት አለበት።

ይህ ሁሉ ለሚጠጣው ሰው በቂ ነው። መልሶ ለመሸጥ የሚገዛ ሰው ግን ከወይኑ ይበልጥ የሚያስፈልገው መዝገብ ነው። የቦርዶ ወይኖች ዝነኛ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1855 ለፓሪስ ኤግዚቢሽን ሲወጣ፣ የከተማው የንግድ ምክር ቤት ዝርዝሩን ያዘጋጀው በደላሎች አማካይነት ነበር፤ ደላሎቹም የተመኩት ለብዙ ዓመታት በተመዘገበ የሽያጭ ዋጋ ላይ ነው። መዝገብ ሲጠፋ የሚሆነውን ደግሞ ሩዲ ኩርኒያዋን የተባለው ነጋዴ አሳይቷል። ይህ ሰው ርካሽ ወይን በቤቱ እየቀላቀለ፣ የታላላቅ ወይኖችን ወረቀት እየለጠፈ ሲሸጥ ተይዞ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በኒውዮርክ የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። ያሞኛቸውም ሀብታሞችና ዐዋቂ ነን ባዮች ነበሩ። በአዲስ አበባም ከውጭ አገር ሰው እጅ የተገዛ ጠርሙስ የግዢ ደረሰኝና የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ከሌለው፣ ለሻጩ ታሪክ ነው እንጂ ለገዢው ማስረጃ አይሆንም።

ሒሳቡም ግልጽ ነው። በ20,000 ብር የተገዛ ጠርሙስ ለ10 ዓመት ቢቀመጥ፣ ያው ገንዘብ በባንክ በዓመት 7 በመቶ ወለድ ቢወልድ 39,343 ብር ይሆን ነበር። ሻጩ 10 በመቶ ኮሚሲዮን የሚከፍል ከሆነ ከባንኩ ጋር ለመተካከል ብቻ ጠርሙሱ ወደ 43,700 ብር ማውጣት አለበት፤ በዚህ ላይ የማስቀመጫው ወጪና የመሰበር አደጋ አልታሰበም። በዓለም ገበያም ቢሆን የታላላቅ የቦርዶ ወይኖች ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ2011 አጋማሽ በኋላ ወድቋል፤ ከ2022 መጨረሻ ወዲህም የጥሩ ወይን ጠጅ ገበያ ዳግመኛ አሽቆልቁሏል። በለንደንና በኒውዮርክ እንዳለው ያለ የተደራጀ የወይን ጠጅ ሐራጅ በሌለበት ከተማ ደግሞ፣ ገዢ የማይገኝለት ውድ ጠርሙስ ሀብት ሳይሆን የታሰረ ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ለአዲስ አበባ ሰው የሚበጀው ጥሩ ቀይ ወይንን ለገበታ መግዛትና ጊዜው ሳያልፍ ከወዳጅ ጋር መጠጣት ነው። የነገውን ጥሪት የሚያስብ አስመጪና መደብር ግን እያንዳንዱ ጠርሙስ የገባበትን ቀን፣ ያመጣውን ሰውና የተቀመጠበትን ስፍራ ከዛሬ ጀምሮ ቢጽፍ፣ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎችም ከመልካም መከራቸው ጥቂት ሣጥን በተራ ቁጥር ለይተው ቢያኖሩና በየጊዜው እየከፈቱ ቢቀምሱ፣ ከ20 ዓመት በኋላ የኢትዮጵያ ወይን ጠጅ ሊቆይ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ጥያቄ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይመለሳል። አቧራ በማንኛውም ጠርሙስ ላይ ያርፋል፤ ዋጋ የሚያወጣው ግን የታወቀ ታሪክ ያለው ጠርሙስ ነው።