ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሲሆን

«ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ፣ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ» ይላል ያገሬ ሰው፡፡ ተከራክሮ የተረታ በቅሎውን አስረክቦም በሰላም ያድራል፤ ሳይሰሙት ጭብጦውን የነጠቁት ግን ዕድሜ ልኩን ይብከነከናል፡፡ ዳኝነት ስለሚሰጡ ቦርዶቻችንና ጉባዔዎቻችን ስንነጋገር ይህን መዘንጋት የለብንም፡፡

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው ሌላ አካል የማቅረብ መብት አለው ይላል፡፡ የአስፈጻሚው ጠበቆች «ሌላ አካል» የምትለዋን ሐረግ የሙጥኝ ይላሉ፤ የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች መሆኑን የሚደነግገውን አንቀጽ 79ን ግን ይዘሉታል፡፡

ውጤቱን አይተነዋል፡፡ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ሠራተኞች ደንብ ቁጥር 155፣ በአንቀጽ 37 (የቁጥሩ መመሳሰል ያስገርማል!) ዋና ዳይሬክተሩ በሙስና የጠረጠረውን ሠራተኛ መደበኛውን ሥርዓት ሳይከተል እንዲያሰናብት ፈቀደ፡፡ የተሰናበተውም በየትኛውም የዳኝነት አካል ውሳኔ ወደ ሥራው እንዳይመለስ ከለከለ፡፡ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ የይግባኝ ሰሚው ጉባዔ ውሳኔ፣ ከካሳ ጉዳይ በስተቀር፣ በፍሬ ነገርም በሕግም የመጨረሻ እንዲሆን ደነገገ፡፡ ስለ ገንዘቡ ማነስ ለፍርድ ቤት አቤት ማለት ይቻል ነበር፤ «መጀመሪያውኑ ቦታዬን መልቀቅ ነበረብኝን?» ብሎ መጠየቅ ግን አይቻልም ነበር ማለት ነው፡፡ አያቶቻችን እንኳ ከወንበር እስከ ዙፋን ችሎት ይግባኝ ይሉ አልነበረምን?

ሙስና ሥር ሰድዶ ነበር፣ መደበኛው ፍርድ ቤትም ይንቀረፈፋል የሚሉኝ አሉ፡፡ እውነት ነው፡፡ እኔም ጉባዔዎቹ ይፍረሱ አላልኩም፤ ሙያና ፍጥነት ይጨምራሉ፡፡ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድም ሆነ የግብር ይግባኝ ኮሚሽን የሕግ ስሕተት ቢፈጽም ይግባኝ ለፍርድ ቤት ይቀርባል፤ በዚህም ሥራቸው አልቆመም፡፡ ፈጣን መሆንና የማይነኩ መሆን የተለያዩ ነገሮች ናቸው፡፡

የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስፈጻሚው ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ መንገድ መክፈቱ ያስመሰግናል፡፡ ይሁን እንጂ አዋጁ የሚገዛው የፌዴራል ተቋማትን እንጂ የጎንደር ከተማ አስተዳደርን አይደለም፡፡ የማራኪ ነዋሪ ከከተማው ጋር ሲካሰስም ዳኛው ከከሳሹ ቢሮ መውጣት የለበትም፤ የውሳኔው ምክንያት በጽሑፍ ሊደርሰው፣ የፍርድ ቤቱም በር ሊከፈትለት ይገባል፡፡ የክልሉ ምክር ቤት ይህን በሕግ ያረጋግጥልን፡፡ በቅሎዋ ብትሄድም በፍርድ ትሂድ!