ደሞዝ ተከፍሏችኋል ለሚሉን

እህቶቼ፣ የአሜሪካ መንግሥት ከጦር ሜዳ ለተመለሰ ወታደር ትምህርት የሚከፍልበት ሕግ እ.ኤ.አ. በ1944 ወጣ፤ ሩዝቬልት ነው የፈረመው። ለትምህርቱ በዓመት እስከ 500 ዶላር፣ ቤተሰብ ለሌለው ደሞ ለኑሮው በወር 50 ዶላር።

ይሄን ሳነሳ «እነሱ እኮ ደማቸውን አፍስሰዋል፤ እናንተ ደሞዝ ተከፍሏችኋል» ይሉኛል። ወታደሩስ በነጻ ነበር እንዴ የዘመተው? ሕጉም ምስጋና ብቻ አልነበረም። ሚሊዮኖች ባንዴ ተመልሰው ሥራ ፈት እንዳይሆኑ ተፈርቶ ነው። የኛ አገርስ አይፈራም? ሻንጣ ብቻ ይዛ የምትመለሰው ልጅ የት ትግባ?

በዚያው ጦርነት ስንቅና ጥይት ሲያመላልሱ ባሕር የበላቸው የንግድ መርከበኞች ነበሩ። ለተረፉት ግን ደሞዝተኛ ሲቪሎች ናችሁ ተብለው ሕጉ አለፋቸው። እንደ ዘማች የተቆጠሩት በ1988 ነው፤ አርጅተው! በዚያ ዕድሜ ማን ደብተር ይይዛል?

የኛ የ2008 ዓ.ም. የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ለመውጣት ስምንተኛ ክፍል መጨረስን ጠይቆ ነበር። ለመውጣት ትምህርት ከተጠየቅን፣ ስንመለስ እኛም እንጠይቅ። እኔ አሥረኛ ላይ ነው ያቆምኩት። ለሦስት ዓመት ሥራ አንድ ዓመት ትምህርት ይከፈልልን ብለን በማኅበራችን ስም ለኤምባሲው እንጻፍ። ፊርማውን ከዓርብ ጀምሬ እኔ እሰበስባለሁ።