«ኩራተኛው» የሚባለው ተማሪ

ስለ እኩልነት የማይናገር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አይገኝም። በክርክር ክበብ እንናገራለን፤ በመኝታ ክፍል እስከ እኩለ ሌሊት እንናገራለን፤ በዚህም መጽሔት ላይ እንጽፋለን። ይሁን እንጂ እኩልነት የሚፈተነው በመድረክ ላይ ሳይሆን በምሳ ሰዓት ነው። ከምግብ አዳራሹ ጥግ ሁልጊዜ ብቻውን የሚቀመጥ፣ ሰላም ሲሉት ዐይኑን ወደ ሌላ የሚያዞር፣ ቀልድ ተነግሮ ሁሉ ከሳቀ በኋላ «ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ቅጽል ስሙን ግን የማያውቅ የለም። «ኩራተኛው» ይባላል፤ «ዝጋታሙ» ይባላል። ልንከራከርለት የተነሣነው ለዚህ ሰው ነው።

እንዲህ ያለው ሁሉ ኦቲስቲክ ነው አንልም። ዐይን አፋርም አለ፤ ሐዘን የደረሰበትም አለ፤ ሐኪም ሳይሆኑ በሰው ላይ ስም መለጠፍም ነውር ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ127 ሰው አንዱ ገደማ ኦቲስቲክ እንደ ነበር ይገምታል። መንገድ ላይ የቀሩት ብዙ ቢሆኑም፣ እኛ ዘንድ የደረሰ አንድም የለም ብሎ የሚምል ካለ ይምጣና ይማል። ሴቶቹማ ጨርሶ አይታወቁም፤ ዝምታቸው «ጨዋ ናት» ተብሎ ይታለፋል።

ስለ ስም ካነሣን አይቀር፣ በራዲዮና በጋዜጣ «የኦቲዝም ተጠቂ» ሲባል እንሰማለን። ኦቲዝም ፈንጣጣ ይመስል! አማርኛችን በዚህ ረገድ ስስ ነው፤ ገንዘብ «ያለው» እና ዕዳ «ያለበት» የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነው። «ኦቲዝም ያለበት» ባልን ቁጥር ሰውየውን ከባለዕዳ ጎን እናሰልፈዋለን። ስለዚህ እኛ «ኦቲስቲክ» ብለን ብቻ እንጽፋለን።

ሊዮ ካነር የተባለው የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም በ1943 እ.ኤ.አ. ስለ 11 ልጆች ጽፎ ነገሩን ለሕክምናው ዓለም ካስታወቀ በኋላ፣ ሊቃውንቱ ራሳቸው ብዙ ዘመን ተሳስተዋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. «የእናቲቱ ፍቅር ቢቀዘቅዝ ነው ልጁ የተዘጋው» ተባለ፤ ብሩኖ ቤተልሃይም በ1967 እ.ኤ.አ. ይህንኑ በመጽሐፍ አስፋፋ። ዛሬ ሐሳቡ ውድቅ ነው፤ የተወቀሱትን እናቶች የካሰ ግን የለም። በአገራችንም እርግማን ነው፣ ቁጣ ነው እየተባለ ልጁ ከጎረቤት ዐይን ተሸሽጎ ያደገበት ቤት ብዙ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን አክብሮ የሚይዝ ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ሆኖም ልጅ ልጅ ሆኖ አይቀርም። ያድጋል፤ ከመካከላቸውም ፈተናውን አልፎ እኛው መኝታ ክፍል የሚመደብ አለ።

«እነርሱ እኮ ሰው አይወዱም፤ ብቻቸውን መሆን ይሻላቸዋል» የሚለውን ወሬ ደጋግመን ሰምተናል። ወሬው ምቹ ነው፤ የገፋውን ሰው ከወቀሳ ያድነዋል። ዴሚየን ሚልተን የተባለው፣ ራሱም ኦቲስቲክ የሆነ እንግሊዛዊ ምሁር፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ነገሩን ገልብጦ አየው። ሁለት ሰዎች ካልተግባቡ አለመግባባቱ የሁለቱም ነው አለ። ኦቲስቲኩ ያኛውን ለማንበብ እንደሚቸገር ሁሉ፣ ያኛውም ኦቲስቲኩን ማንበብ አይችልም። ልዩነቱ፣ ጉድለት ያለበት ተብሎ ወደ ሐኪም የሚላከው አንደኛው ብቻ መሆኑ ነው።

በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኖዋ ሳሰንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ አንድ ጥናት አወጡ። ኦቲስቲክ የሆኑና ያልሆኑ ሰዎች ሲናገሩ ተቀርጸው ለተመልካቾች ቀረቡ። ተመልካቾቹ ማን ማን እንደ ሆነ አልተነገራቸውም፤ ሆኖም በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ኦቲስቲኮቹን ዝቅ አድርገው ፈረዱ፤ ከእነርሱ ጋር ለመጨዋወት ያላቸውም ፈቃድ ቀነሰ። ያው ንግግር ድምፅና መልክ ተለይቶት በጽሑፍ ብቻ ሲቀርብ ግን ልዩነቱ ጠፋ። የተጠላው የተናገሩት ነገር አልነበረም ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ጽሑፍ ስናገላብጥ ለምንውል ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ይህ ሊያሳስበን ይገባል፤ በወረቀት ላይ ቢያገኘው የሚያደንቀውን ሰው በአካል ሲያየው የሚሸሽ አንባቢ ምን ዓይነት አንባቢ ነው?

ወደ ራሳችን ባህል ስንመጣ ነገሩ ይበረታል፤ እኛ በቀጥታ መናገርን እንደ ብልግና የምንቆጥር ሕዝብ ነንና። እንግዳ «ብላ» ሲባል መጀመሪያ «በቃኝ» ማለት አለበት፤ ጋባዡም «በሞቴ» ማለት አለበት፤ እንግዳውም ያን ጊዜ መብላት አለበት። ይህ ሕግ የት ተጽፏል? ኦቲስቲኩ ርቦት ከሆነ ወዲያው «እሺ» ይላል፤ ሆዳም ይባላል። ጠግቦ ከሆነ «በቃኝ» ብሎ በቃሉ ይጸናል፤ ጉርሻውንም የሰው እጅ ወደ አፉ ሲመጣ ሰውነቱ ስለማይችለው ይመልሳል፤ ንቀት ነው ይባላል። በመኝታ ክፍልም እንዲሁ ነው። ጓደኛው «ክፍላችን ቆሽሿል እኮ» ይለዋል፤ «አዎ፣ ቆሽሿል» ብሎ ወደ ንባቡ ይመለሳል። ጥረግ ቢባል ኖሮ ተነሥቶ ይጠርግ ነበር። ማንም ጥረግ አላለውም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የክፍሉ ሰው ሁሉ ያኮርፈዋል፤ ያኮረፉበትንም ምክንያት የሚነግረው የለም።

አንድ የምናውቀው ተማሪ «አንድ ቀን ቡና እንጠጣ» ሲሉት «መቼ? በስንት ሰዓት?» ብሎ ጠየቀ። ተሳቀበት። ጥያቄው ለሳምንታት በየደረሰበት ይደገምለት ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንንም መቼ ብሎ አልጠየቀም፤ ሲጠሩትም አልሄደም። «ኩራተኛ» የተባለው ያን ጊዜ ነው።

ሌሎቹ ደግሞ መምሰልን ይማራሉ። ዐይን ለዐይን ማየት ሲከብዳቸው ግንባር ግንባሩን ያያሉ፤ የሳቁን ሰዓት ከሌላው ፊት ላይ ጠብቀው ይስቃሉ። ይህ ቀኑን ሙሉ በባዕድ ቋንቋ እንደ መናገር ያደክማል፤ ማታ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ቢተኛ «ሰው ጠልቶ ነው» ይባላል።

«ለአንድ ሰው ተብሎ የሺህ ሰው ልማድ ይለወጥ ወይ?» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ጉርሻ ይቅር፣ ቅኔ ይቃጠል ያለ የለም። እርሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የእኛን ጠባይ ሲያጠና ኖሯል፤ የእርሱን ጠባይ አንድ ቀን እንዲያጠና የተጠየቀ የለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው የማኅበሩ ጠቅላላ ስብሰባ ሦስት ነገር እናቀርባለን። አስተማሪዎች «ቡድናችሁን ራሳችሁ ምረጡ» ማለታቸው ቀርቶ ራሳቸው ይመድቡ፤ የእያንዳንዱም ተማሪ የሥራ ድርሻ በጽሑፍ ይታወቅ፤ ሳይመረጥ የሚቀረው ሰው ማን እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለንና። ጫጫታ ለሚያውከው ሁሉ፣ ስሙና ምክንያቱ ሳይጠየቅ የሚገባበት አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ይሰጥ። በአዲስ ተማሪዎች መቀበያ ምሽትም የሰውን አነጋገርና አረማመድ እየቀዱ ማሳቅ ከፕሮግራሙ ይውጣ። ይህን የመጨረሻውን የሚቃወም ካለ፣ በስብሰባው ላይ ተነሥቶ ምን እንደሚያስቀው ያስረዳን።