የምታስታውሱት መንገድ የለም፤ ለቀድሞ ሾፌሮች የተላለፈ ማስጠንቀቂያ

ወንድሞቼ፣ የአሰብን መንገድ በኤንትሬ የጭነት መኪና ስትመላለሱ ያረጃችሁ፣ ዛሬ መሪውን ለልጆቻችሁ አስረክባችሁ በጭነት ማኅበራት ስብሰባ ላይ ከፊት የምትቀመጡ ሁሉ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ለወጣቶቹ አልጻፍኩም። እነሱ የሚሄዱት እናንተ ፈርማችሁ ወደ ላካችኋቸው ቦታ ነው።

ከሰመራ በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ፣ ናጋድ የሚደርስ ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ መስመር ታስቧል፤ 230 ኪሎ ቮልት የሚሸከም። የመጀመሪያው በድሬዳዋ በኩል ወጥቶ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ለጎረቤታችን ኃይል ሲሸጥ ቆይቷል። በመስመሩ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ አገር ዶላር ካገኘች ደስ ይለኛል። የሚያስፈራኝ ከምሰሶው ቀድሞ የሚመጣው ጭነት ነው። የምሰሶው ብረት፣ የመሠረቱ ሲሚንቶና ፌሮ፣ አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ በትልልቅ እንጨት የተጠቀለለው ሽቦ፣ በዚያ በረሃ ኮንክሪት የሚቦካበት ውሃ ሳይቀር በቦቴ፣ ሁሉም በጎማ ነው የሚገባው። ባቡሩ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ናጋድ ይደርሳል፤ በሰመራ ግን አያልፍም። የማጓጓዙ ጨረታ ሲወጣና ዋጋው ሲሰማ ማኅበሮቻችን እጃቸውን ለማውጣት እንደሚሽቀዳደሙ አውቃለሁ።

ዋጋ የምትሰጡት ግን ለየትኛው መንገድ ነው? እናንተ በልባችሁ ያለው መንገድ ሌሊት መብራት ቀንሰን፣ የሞተሩን ድምፅ እየሰማን የምንነዳው ነው። ግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ በር ከተዘጋ ወዲህ የአገሪቱ ወጪና ገቢ ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ ሆኗል። አብዛኛው በጋላፊ ነው የተመላለሰው። ያ ሁሉ ተሳቢ፣ ያ ሁሉ ኮንቴይነር፣ ያ ሁሉ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና ስንዴ በዚያች ጠባብ አስፋልት ላይ አልፏል። ጥገናው አንዱን ጉድጓድ ሲደፍን ሌላው ይከፈታል።

ሰመራን ለቃችሁ ወደ ሰርዶና ዲቾቶ ስታቀኑ አስፋልቱን ጠርዙ ላይ ተመልከቱት። ተበልቷል። መሀሉ ላይ ጉድጓዱ ስለበዛ ሾፌሩ ሁሉ ከአስፋልቱ ወርዶ ዳር ዳሩን በአፈሩ ይነዳል። አፈሩ በጎማ ብዛት ተፈጭቶ እንደ ዱቄት ሆኗል፤ አንድ ተሳቢ ሲያልፍ ከኋላው ያለው መሪውን ይዞ ከመጸለይ ሌላ ምርጫ የለውም። አንዱ ከቀኝ ዳር፣ ሌላው ከግራ ዳር፣ ሦስተኛው በአስፋልቱ ላይ ጉድጓድ እየዘለለ ይመጣል። ማን በየትኛው ረድፍ እንዳለ የሚታወቀው አቧራው ሲወርድ ነው። ጎኑን ጥሎ የተጋደመ ተሳቢ ማየት እዚያ ብርቅ አይደለም።

ድንጋዩስ? ይህን የጀመርነው እኛ ነን። ባሌስትራ ሲሰበር ወይም ጎማ ሲፈነዳ ረዳቱ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ይሸጉጣል፣ ከኋላ ደግሞ ለምልክት በመስመር ይደረድራል። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ እዚያው ይቀራል። ሌሊት የሚመጣው ሚኒባስ ወይም ባዶውን የሚከንፍ አይሱዙ ያንን ድንጋይ የሚያየው ከላዩ ላይ ሲወጣ ነው። ረዳቶቻችሁ ድንጋዩን ሳያነሡ እንዳይሄዱ ማዘዝ ገንዘብ አያስወጣም፤ እስካሁን ያላዘዛችሁበት ምክንያት አይገባኝም።

በዚህ ላይ የመስመሩ ሥራ ሲጨመር ምን እንደሚሆን አስቡት። የኤሌክትሪክ መስመር አቋራጩን ነው የሚሄደው፤ መንገድ አይከተልም። ስለዚህ ከአስፋልቱ ወደየምሰሶው መዳረሻ መንገድ ይቀደዳል። በአንዱ ቦታ ጎማ የሚቆርጥ የገሞራ ድንጋይ፣ በሌላው ዝናብ ሲነካው መኪና የሚውጥ ደለል ነው። ገልባጩ ከዚያ ሲወጣ አስፋልቱን የሚረግጠው የተበላውን ጠርዝ ነው፤ ጠጠሩንም እዚያው እያንጠባጠበ። ትራንስፎርመር የጫነ ሎቤድ ሲመጣ ደግሞ መንገዱን ሙሉ ይይዛል፤ ዳር ዳሩን መሄድ የለመደው ሁሉ የት ሊገባ ነው? ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከላይ አገር የዘነበው ደራሽ ሆኖ ደረቁን ወንዝ እንደሚሞላው ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ከልክ በላይ መጫንን በተመለከተ እቅጩን ልናገር። አሜሪካ ውስጥ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ መሐንዲሶች መኪና እያስነዱ መንገድ የሚሰበርበትን መጠን ለክተው ነበር። በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ ብቻ አይደለም፤ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። «ትንሽ ጨምርበት፣ ሚዛኑን እናልፈዋለን» የምትለው ቃል የራሳችንን ጎማና ባሌስትራ ስትበላ የኖረችው በዚህ ስሌት ነው። ለሚዛን ጣቢያ ሠራተኛ የሚከፈለውን ከትርፉ ላይ የሚቀንስ ማኅበር፣ ያንኑ ገንዘብ ሁለተኛ ጊዜ ለመለዋወጫ ሻጭ ይከፍላል።

ስለ ሽቦውም አንድ ነገር አለ። መስመሩ መንገዱን በሚያቋርጥበት ቦታ ሽቦ ሲወጠር መንገድ ይዘጋል፤ ዝግ ነው ሲባል ቁሙ፣ በዳር ሾልካችሁ አትለፉ። ኃይል ከገባበት በኋላ ደግሞ የአፋር ፀሐይ ሽቦውን እንደሚያረዝመውና ቀትር ላይ ከጠዋቱ ዝቅ ብሎ እንደሚውል ለልጆቹ ንገሯቸው። ሸራ ለማሰር ጭነት ላይ የሚወጣ ረዳት ከሽቦው ሥር አይውጣ፤ 230 ኪሎ ቮልት ሳይነኩትም ይዘልላል። ምናልባት ሽቦ መኪናው ላይ ቢወድቅ ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ይቀመጥ፣ ኃይሉ መቋረጡ እስኪረጋገጥ አይውረድ። እሳት ከተነሣ ብቻ መኪናውንና መሬቱን በአንድ ጊዜ ሳይነካ፣ ሁለት እግሩን ገጥሞ ይዝለል፤ ከዚያም እግሩን ሳያነሣ መሬት ለመሬት እየጎተተ ይራቅ።

እንግዲህ ጨረታው ሲመጣ ዋጋ ከመጻፋችሁ በፊት ከመካከላችሁ ዓይኑ ያልደከመ ሁለት ሰው በቀን፣ ባዶ መኪና ይዞ ከሰመራ እስከ ጋላፊ ይንዳ። አስፋልቱ የተበላበትን፣ ቱቦው የተሰበረበትን፣ ጎርፍ የሚያቋርጥበትን ቦታ በኪሎ ሜትር ቁጥሩ ይጻፍ፣ ፎቶም ያንሣ። ያ ወረቀት ከውሉ ጋር ይያያዝ፤ ኋላ መንገዱን ማን ሰበረው ሲባል ጣት ወደ ሾፌሩ እንዳይቀሰር። ውሉ ላይ ሦስት ነገር አስጽፉ፤ ጭነት በሕጉ ልክ፣ ጉዞ በቀን ብርሃን፣ መኪና ሲበላሽ የሚያነሣ ክሬን በአሠሪው ወጪ። አሠሪው «ይህ ዋጋ ያስወድዳል» ካለ፣ ያስወድዳል በሉት። እምቢ ካለ መኪኖቹ አዳማ ይቁሙ።