አንድ ሐዲድ፣ ሦስት ተፎካካሪ

ከማድሪድ ባርሴሎና 620 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፈጣኑ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለቱን ከተሞች ሲያገናኝ መስመሩ የስፔን መንግሥት ድርጅት የሬንፌ ብቻ ነበር። በ2021 የፈረንሳዩ ዊጎ ገባ፤ ሬንፌም አቭሎ የተባለ ርካሽ ባቡር አሰማራ። በ2022 መጨረሻ ኢርዮ ተጨመረ። ትኬቱ ረከሰ፣ ተሳፋሪውም በዛ።

የውድድር ደጋፊዎች ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል ይላሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም። በዋጋው ምክንያት ቤተሰቡን ሳይጠይቅ ይከርም የነበረ ተማሪ ዛሬ መሳፈር ከቻለ ትልቅ ነገር ነው።

የተቃዋሚዎቹ ጥያቄም መልስ ይሻል። ሐዲዱ በሕዝብ ገንዘብ ተዘርግቶ ተፎካካሪ የሚሻማው ሰው የሚበዛበትን መስመር ብቻ ነው። ከፖርቱጋል ጋር የሚዋሰነው የኤክስትሬማዱራ ሕዝብ በ2017 ደህና ባቡር እንዲሰጠው ለመጠየቅ ማድሪድ ድረስ ሄዶ ሰልፍ ወጥቷል። እንዲህ ያለውን አካባቢ በድጎማ የሚሸከመው መንግሥት ነው። ርካሹ ዋጋ መዝለቁም ያጠያይቃል፤ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ኦስካር ፑዌንቴ በ2024 ዊጎ ከወጪው በታች ይሸጣል ብለው ከሰዋል፤ ኩባንያው አልተቀበለውም። ተፎካካሪ ከስሮ ሲወጣ ዋጋው መልሶ እንዳይሰቀል መስጋት ተገቢ ነው።

በዚህ ክርክር ብሪታንያ ሳትነሳ አትቀርም። እዚያ በ1990ዎቹ ሐዲዱ ራሱ ሬይልትራክ ለተባለ የግል ኩባንያ ተላለፈ። በ2000 ሃትፊልድ ላይ፣ መሰንጠቁ አስቀድሞ የታወቀ ሐዲድ ተሰባብሮ ባቡር ከመስመር ወጣ፤ አራት ሰዎች ሞቱ። በ2002 ሐዲዱን ለትርፍ የማይሠራው ኔትወርክ ሬይል ተረከበው። በሌላ በኩል የተሳፋሪው ቁጥር በግል ኩባንያዎቹ ዘመን ከእጥፍ በላይ አድጓል። ደግሞም ኩባንያዎቹ በአብዛኛው መስመሩን ለተወሰነ ዓመት በጨረታ ይወስዱ ነበር እንጂ፣ እንደ ስፔን ለአንዱ ተሳፋሪ ጎን ለጎን አይፎካከሩም ነበር። ስለዚህ የብሪታንያ ታሪክ ለየትኛውም ወገን ሙሉ ምስክር አይሆንም።

እኔ ሐዲዱና ጥገናው በሕዝብ እጅ ይቆይ፣ ትርፋማው መስመር ይከፈት ከሚሉት ነኝ። ኩባንያዎቹ ለሐዲዱ በሚከፍሉት ዋጋ ላይ ግን ለተረሱት መስመሮች የሚውል ድርሻ ይጨመር። ይህ ትኬቱን ያስወድዳል የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ጥቂት ያስወድዳል። የማድሪድና የባርሴሎና መንገደኛ ያን ጥቂት ቢከፍል አይበዛበትም፤ የሚበርርበትን ሐዲድ ያሠራው የኤክስትሬማዱራ ገበሬ ግብርም ነውና።